ባሌስትራው የተሰበረው የት ላይ ነው?

«ጋሼ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ እህል የምጭንበት አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። የኋላ ግራ ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ። አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ፍሬን ስይዝም ከኋላ ይንኳኳል። መካኒኩ አንድ የባሌስትራ ብረት እንጨምርበት ይላል። ይሻል ይሆን?»

አትጨምር። ቢያንስ አሁን አትጨምር። የተሰበረውን ብረት ካልጣልከው አውጣና ስብራቱ የት ላይ እንደሆነ ተመልከት። የተሰበረው ተደራራቢዎቹን ብረቶች አንድ ላይ የሚይዘው የመሃል ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ከሆነ፣ ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር አቅፈው የያዙት ዩ ቦልቶች ላልተው ነበር ማለት ነው። ጠብቀው ሲታሰሩ የመሃሉ ክፍል አይተጣጠፍም፤ ሲላሉ ግን ብረቱ ከሁሉ ይልቅ በሚደክምበት በቀዳዳው ላይ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይቆያል፣ አንድ ቀን ይለያል። ስብራቱ ከመሃል ርቆ ወደ ጫፍ ከሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ጭነትን ወይም የሞተ አሞርዛተርን፣ ማለትም የመኪናውን መንጠር የሚያበርደውን፣ ጠርጥር። አንድ ጎን ደጋግሞ መሰበሩን ሳይ የአንተ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁመህ ጎማውን በታኮ ያዝ፤ ጭቃውንም በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። ጭቃ እንደለበሰ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚልህን ረዳት አትመነው። በዩ ቦልቶቹ ዳዶ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም ተፋትጎ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ እዚያ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። አንድ ጊዜ የዓባይን በረሃ ወጥቶ የመጣ መኪና ስር ገብቼ ዳዶውን በጣቴ ፈትቼዋለሁ። ሹፌሩ መሪው ከብዶት ነበር የመጣው፤ ባሌስትራ የሚባል ነገር በሃሳቡም አልነበረም።

ቀጥሎ ከፊት አክሰል መሃል እስከ ኋላ አክሰል መሃል በግራም በቀኝም በሜትር ለካ። ልዩነት ካገኘህ የመሃል ቡሎኑ ተቆርጦ አክሰሉ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። መንኳኳቱ ግን የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጽም፣ ጋር ከሚያያይዘው ፒንና ፒኑን ከሚያቅፈው ቦኮላ ሊሆን ይችላል፦ ሻንሲውን በክሪክ አንሳና በጠንካራ መቆሚያ ደግፍ፣ ረጅም ብረት አስገብተህ ባሌስትራውን በጫፉ በኩል ነቅንቅ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር ግን አትግባ።

ስትጠግን ዩ ቦልቶቹን በአዲስ ቀይር፤ አንዴ የተሳበ ጥርስ ዳግመኛ በደንብ አይዝም። ባሌስትራውንም ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር፤ አንዱ አዲስ ሌላው የደከመ ከሆነ ማዘንበሉ ይቀጥላል። የተሰበረ ባሌስትራ በብየዳ አይያያዝም፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ አራቱን የዩ ቦልት ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት አጥብቅ፣ መጠኑንም ከመኪናው መመሪያ ውሰድ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፦ አዲስ ባሌስትራ ጭነት ሲያርፍበት ይተኛል፣ ዩ ቦልቱም ይላላል። የመጀመሪያውን ጭነት አዲስ አበባ አድርሰህ፣ ማለትም ከ300 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ እንደገና አጥብቀው። ከዚያ ወዲህ ዘይት በቀየርክ ቁጥር ፈትሸው።

ግራሶ ስታስገባም ሻንሲውን አንሳ፤ ክብደት ያረፈበት ፒን በተጫነው ጎን ግራሶ አይቀበልም። አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግፋ። ቦኮላህ የጎማ ከሆነ ግን ግራሶም የተቃጠለ ዘይትም አታስነካው፤ ያበሰብሰዋል።

መካኒክህ ስለሚጨምረው ባሌስትራ፦ ጀርባው ይጠነክራል፣ ግን አክሰሉም ፍሬኑም ሻንሲውም የተሠሩት ለድሮው ጭነት ነው። የድሮው ዩ ቦልትም ያጥረውና ዳዶው ሙሉ ጥርስ ሳያገኝ ይቀራል። እንግዲህ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው መላላት ይመልስሃል።