«ቀይ ጤፍ ብትበላም ስኳሯ አልወርድ አለ»

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም አለባት፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። «እንጀራ ቀንሺ» ከተባለች ወዲህ ነጩን ትታ ቀይ ጤፍ ከማሽላ ጋር አስፈጭተን ነው የምትበላው። ሆኖም ከምሳ በኋላ ስትለካ 240 ይደርሳል። ቁርስ የዘለለች ቀን ደግሞ ረፋድ ላይ ያንቀጠቅጣታል፤ ያልባታል። ምን እናድርግ? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ቀይ ጤፍ፣ ነጭ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሁሉም የያዙት ካርቦሃይድሬት (ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው የምግብ ክፍል) ተቀራራቢ ነው። የምሳውን ስኳር ከፍ የሚያደርገው በዋናነት መጠኑ ነው።

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ አንድ እንጀራ ሰፈር ሱቅ ወስደው ያስመዝኑ። 300 ግራም ከመዘነ ከ80 እስከ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ማለት ነው። በእናትዎ ዕድሜ ላሉ ብዙ ሴቶች ለአንድ ማዕድ 45 ግራም ገደማ ጥሩ መነሻ ነው፤ ይህ ወጡንም ይጨምራል። አንድ ጭልፋ ምስር ወይም ሽሮ 15 ግራም ያህል ይወስዳል፤ ድንቹም ከእንጀራው ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ ድርሻቸው የእንጀራው ሲሶ ነው።

የሚያስቸግረው ትሪው ነው። ከሥር የተነጠፈው፣ ከዳር የሚቆረሰው፣ በላዩ ጉርሻው ሲደመር ስንት እንደተበላ የሚያውቅ የለም። ከማዕዱ መለየት ቅር ስለሚያሰኝ፣ እዚያው ትሪ ላይ ሲሶውን ጠቅልለው በፊታቸው ያስቀምጡላቸው፤ ያ ሲያልቅ ጨረሱ ማለት ነው። ጎመኑን ወይም ቆስጣውን በዛ አድርገው ያቅርቡ፤ አስቀድመው እሱን በማንኪያ ቢበሉ ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ቡናውንም አይርሱ፤ በየስኒው 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ፣ ከአቦል እስከ በረካ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። ማርም ያው ስኳር ነው።

አጣዳፊው ግን የረፋዱ መንቀጥቀጥ ነው። ግሊቤንክላማይድ ምግብ ኖረም አልኖረም ቆሽት ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን) እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ቁርስ ሲዘለል ስኳራቸው ይወድቃል። ይህን ክኒን ያለ ምግብ አይውሰዱ። ምልክቱ ሲመጣ ይለኳቸው፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያው በእጅ ከሌለም ሳይጠብቁ፣ 3 ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተነሳ ይድገሙት። እንጀራና ዳቦ ለዚህ ይዘገያሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። እንጀራው መቀነሱን ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ የክኒኑም መጠን አብሮ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል።

ለ3 ቀን አንድ ዓይነት ምሳ በልተው፣ ከምሳ በፊትና ከመጀመሪያው ጉርሻ ከ2 ሰዓት በኋላ እየለኩ ይጻፉት። ሁለተኛው ለብዙዎች ከ180 በታች ሊሆን ይገባል። አስቀድመው እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሙዝ የላጠ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። በደሴ ብርድ ደም አልወጣ ሲል ጣትን አጥብቆ መጭመቅም ውጤቱን ያዛባል፤ እጃቸውን በለብታ ውኃ ያሙቁና የጣቱን ጫፍ ከጎን በኩል ይውጉ።