ስምንተኛ ፔሬድ ልጨምር ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ኮምቦልቻ ውስጥ 7ኛና 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ ዳይሬክተራችን ምን እንዳየብኝ አላውቅም ስኬጁሉን አንተ አውጣ ብሎ ጣለብኝ። አሁን ያለው በቀን 7 ፔሬድ ነው፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ገብተን አምስቱ ከምሳ በፊት ሁለቱ ከምሳ በኋላ። ወላጆች የ8ኛ ሚኒስትሪ አለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይጨመር ብለዋል፣ ስለዚህ ፔሬዱን 35 ደቂቃ አድርጌ 8 ላውጣ ወይስ ስፖርትና አርቱን ልቀንስ እያልኩ ነው። ጠዋት ብዙው ተማሪ አርፍዶ ዘበኛ በር ይዘጋበታል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይተኛሉ። አንዷ መምህርት ጭራሽ ከሰዓት አልገባም ብላለች። ግራ ገባኝ ወላሂ።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እኔም ደሴ ሳስተምር ሁለት ዓመት ስኬጁል አውጥቻለሁ፣ ያኔ ስታፍ ሩም ስገባ ሰላም የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ስምንተኛውን ተወው። እስቲ ደምረው፣ 7 በ40 ስንት ነው? 280። 8 በ35ስ? እሱም 280። የተጨመረው ደውል ብቻ ነው። አንድ ሰሞን የኋላ ወንበር ላይ ሰዓት ይዤ ተቀምጬ ነበር፣ ደውል ይደወላል፣ የሚወጣው መምህር ሰሌዳውን ሳያጠፋ ይሄዳል፣ የሚገባው ከወዲያኛው ብሎክ ጠመኔውን ይዞ እስኪመጣ፣ ዳስተር እስኪፈለግ፣ ስም እስኪጠራ፣ ያኛው ደብተር ገባ ይሄኛው ወጣ እስኪባል 5 ደቂቃ እልም ይላል። በ7 ፔሬድ 35 ደቂቃ፣ በ8 ፔሬድ 40 ደቂቃ ተበላ ማለት ነው፣ ለሒሳብ ብለህ ያመጣኸውን ዳስተር ፍለጋ ይወስደዋል።

ይልቅ አጣምር። ጄኔራል ሳይንስ፣ አይሲቲና የሙያ ትምህርት በሳምንት አንዴ ሁለት ፔሬድ ተያይዞ ይሰጣቸው፣ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት 10 ደቂቃ በሚፈጅበት ክፍል 40 ደቂቃ ምን ያሰራል? ሒሳብ ግን አይጣመርም፣ እሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚገባው፣ ብቻ የአንድ ሴክሽን ሒሳብ ሁሌ 6ኛ ፔሬድ ላይ እንዳይወድቅ አዟዙረው። ይሄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንዱን ሴክሽን ሴሚስተሩን ሙሉ ሒሳብ ከምሳ በኋላ አስተምሬው ፈተና ሲታረም ልጆቹን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ስፖርትና አርቱን አትንካ፣ ካሪኩለሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የዋለ የ13 ዓመት ልጅ ትርፉ መቁነጥነጥ ነው። ስፖርቱን ግን የኛን አይተህ እንዳትገለብጥ! ደሴ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ ልጁ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ 4ኛና 5ኛ ፔሬድ ላይ እናደርገዋለን፣ እናንተ ጋ በዛ ሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ስለዚህ 1ኛ ወይ 2ኛ ላይ አድርገው።

ወደ ማርፈዱ ልምጣ። በዚህ እድሜ የእንቅልፍ ሆርሞኑ ማታ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ስንፍና ብቻ አይምሰልህ፣ ከ13 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ ሐኪሞች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደውም በፈረንጆቹ 2014 የዚህ እድሜ ተማሪዎች ትምህርት በኛ ሰዓት ከ2፡30 በፊት እንዳይጀምር መክሯል። እኛ ጋ 2፡30 ይጀመር ብትል ከሰዓት መውጫው ይገፋል፣ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የሚመጣው ልጅ ይመሽበታል፣ እኔ አልደፍረውም። ግን 1ኛውን ፔሬድ ከሚበላብህ ከ2፡00 እስከ 2፡20 የንባብ ሰዓት አድርግና ትምህርቱ 2፡20 ይጀምር፣ ያረፈደው ልጅ በር ላይ ከሚቆም ገብቶ መጽሐፍ ይክፈት። ለመምህራኑም ይጠቅማል፣ ከደሴ የሚመላለሱ እንዳሉ አውቃለሁ፣ መንገዱ ላይ ሐረጎ ዳገት ጋ አንድ ተሳቢ ከቆመ እኮ ሚኒባሱ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ነው የሚቀረው። አምስት ፔሬድ መሀሉ ላይ 20 ደቂቃ ዕረፍት ጨምረህ ልክ 6 ሰዓት ለምሳ ይወጣሉ። 7፡30 ተመልሰው ሁለቱን ተምረው 8፡50 ላይ ቤት።

አርብ የንባቧን 20 ደቂቃ አውጣት፣ ዕረፍቱንም 10 ደቂቃ አድርገው፣ አምስቱ ፔሬድ 5፡30 ላይ ያልቃል፣ ጁምዓ የሚሄደው ሳይሮጥ ይሄዳል፣ 7፡30 ይመለሳል። ልክ እንደ መንግሥት መስሪያ ቤት ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከዕረፍት በኋላ የሚያረፍዱትን ከመቅጣትህ በፊት ቧንቧው ጋ ሂድና ቁም። እኛ ጋ ለዚያ ሁሉ ተማሪ የምትሰራው አንዲት ቧንቧ ነበረች፣ ሴቶቹ ደግሞ ሽንት ቤት ወረፋ ላይ እያሉ ደውሉ ይደወላል፣ እኛ ኮሪደር ላይ አርጩሜ ይዘን እንጠብቃቸዋለን፣ ሳስበው ያሳፍረኛል። የ7ኛና የ8ኛን ዕረፍት ብትለያየው ወረፋው ይቀላል፣ ሁለቱንም ክፍል የሚያስተምር መምህር ካለህ ግን ፔሬዱ ይደራረብበታል፣ እሱን አይተህ።

ስትሰራው ካርቶን ቆራርጠህ ለያንዳንዱ መምህር አንድ ቀለም ስጥና ጠረጴዛ ላይ ደርድር። መጀመሪያ ኮምፒውተር ክፍሉንና ሜዳውን የሚሻሙትን፣ ቀጥሎ ጥንድ ፔሬዶቹን፣ ከዛ በብዙ ሴክሽን የሚገቡትን መምህራን፣ ሌላው በቀረው ቦታ ይገባል።

ያቺን መምህርት ለብቻዋ ጠርተህ ለምን እንደሆነ ጠይቃት። እኔ እንደሷ ያለችን አንዴ በስብሰባ መሀል ተቆጥቼ ነበር፣ ለካ የሚጠባ ልጅ ነበራት። የምር ምክንያት ካላት በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ነፃ አውጣትና የሚተካትን ከአሁኑ ስሙን ጽፈህ ያዝ።