ቀይ መብራቱ የማይጠፋው ኦቨን

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከሚኖሩ እመቤት ነው። «ክረምቱ ከገባ ወዲህ የድፎ ሊጤ ኩፍ አልል ቢለኝ የኤሌክትሪክ ኦቨኔን 50 ላይ አድርጌ አስገባሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱ ቅርፊት አወጣ፣ ዳር ዳሩ በሰለ፤ መሃሉ ግን እንዳስገባሁት ቀዝቃዛ ነው። ኦቨኑ አምና ተጠግኗል። ከዚያ ወዲህ ቀይ መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ በሩን በእርጥብ እጅ ስነካም ይነዝረኛል። ጥፋቱ የእርሾው ይሆን?»

እርሾውን ይተዉት። ስለ ቀይ መብራቱ የጻፉት ለእኔ በቂ ነው። በደህና ኦቨን ላይ ያ መብራት ሙቀቱ ሲደርስ ይጠፋል፣ ሲቀንስ ተመልሶ ይበራል። ሁልጊዜ የሚበራ ከሆነ ወይ ሙቀቱ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው የቴርሞስታቱ ኮንታክት (ተነካክተው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት ብረቶች) ተጣብቋል፣ ወይ አምና የጠገነው ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ቴርሞስታቱን ዘሎታል። እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው። የተበላሸውን ዕቃ መቀየር ሲገባ ሽቦ አጋጥሞ በናስትሮ መጠቅለልን ጥገና ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሞልቷል፤ የእሱን ሥራ ስፈታ ነው የምውለው።

እንዲህ ያለ ኦቨን 50 ላይ ቢያደርጉት 250 ላይ ቢያደርጉት ለውጥ የለውም። 0 ላይ ቢመልሱትም ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት ስፒናውን ከግድግዳው ይንቀሉ። ቁልፉን ማጥፋት መንቀል አይደለም።

የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ይፍቱና ከቴርሞስታቱ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች ይመልከቱ። ተጋጥመው ከተጠቀለሉ ጥፋቱ እሱ ነው። ካልሆነ ሽቦዎቹን ከቴርሞስታቱ ላይ ነቅለው፣ በኦቨኑ ውስጥ ያለችውን የብረት ዘንግ ከማቀፊያዋ ያውጡ፤ ከቴርሞስታቱ ጋር የምታገናኛትን ቀጭን ቱቦ እንዳያጥፏት። ቁልፉን 50 ላይ አድርገው ቴስተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ሲያገኝ የሚጮኸውን መለኪያ) በቴርሞስታቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሳርፉ፤ ይጮኻል። ከዚያ ዘንጓን የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ተርፎ ይፈሳል። ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ደህና ነው፤ ጩኸቱ ከቀጠለ ይጣል። አዲሱን ሲገዙ የዲግሪው ጣሪያና የቱቦው ርዝመት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ርካሹን አይግዙ፤ ላዩ ላይ 16 አምፔር ተጽፎበት ኮንታክቱ እንደ ወረቀት የሳሳ አለ፤ ወር ሳይሞላ ይጣበቃል።

አሁን ግን ሰው ሁሉ የሚስተውን ልንገርዎ። ቴርሞስታቱ አዲስ ቢሆንም 50 ላይ ሊጥ ኩፍ አይልም። በዘንጓ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ሲሞቅ ይነፋና በቱቦው በኩል ስስ ብረት ገፍቶ ኮንታክቱን ያላቅቃል። ኮንታክቱ በተላቀቀበትና ተመልሶ በሚገጥምበት መካከል የዲግሪ ልዩነት አለ። ደግሞም ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማሞቂያው ሬዚስታንስ በአንድ ጊዜ አይበርድም፤ እንደጋለ ሙቀቱን መርጨት ይቀጥላል። ስለዚህ ቁልፉ 50 ቢልም ውስጡ አንዴ ከዚያ ይዘላል፣ አንዴ ይወርዳል። ዋናው ነገር ሬዚስታንሱ የአየሩን ዲግሪ ጠብቆ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ይጠብሳል። ክረምት እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲለበለብ ጀርባው ይበርደው የለ? ሊጥዎ የሆነውም ይኸው ነው። እርሾ የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከ55 እስከ 60 ሲደርስ ይሞታል። ቅርፊት ያወጣ ሊጥ ደግሞ መሃሉ ቢነፋም ቆዳው አያፈናፍነውም።

ስለዚህ ለሊጥ ሬዚስታንሱን እርሱት። ኦቨኑ የራሱ አምፖል ካለው፣ ቴርሞስታቱም ከተስተካከለ በኋላ፣ አምፖሉን ብቻ አብርተው በሩን ይዝጉ፤ የ25 ዋት ለኦቨን የተሠራ አምፖል ለሊጥ ይበቃል። አንድ ደንበኛዬ ኤልኢዲ አስገብቶበት አላሞቀም፤ ዳቦ ሲጋግርበት ደግሞ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወረደ። አምፖል ከሌለው ስፒናው እንደተነቀለ ከሥር የፈላ ውሃ በድስት ያስቀምጡ፣ ሊጡን ከላይ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ያስገቡ፣ ውሃውን በየግማሽ ሰዓቱ ይቀይሩ። እንፋሎቱ ቅርፊትም አያስወጣም።

እኛ ቤት እንዲያውም ኦቨን አይነካም። እንጀራ ተጋግሮ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲበርድ፣ መዳፍ ተደግፎበት የማያቃጥል ሲሆን፣ ስፒናውን ነቅለን የታጠፈ ጨርቅ አንጥፈን ሊጡን እናስቀምጣለን። መብራት ቢሄድም ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል።

ወደሚነዝርዎ ነገር ልመለስ፤ ከዳቦው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የሊጥ እጅ እርጥብ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ (ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) ከኦቨኑ አካል ጋር መታሰሩን ያረጋግጡ፤ ቴስተሩ ከአካሉ እስከ ስፒናው የመሬት ብረት ድረስ መጮኽ አለበት። ከሁለቱ የስፒናው እግሮች ወደ አካሉ ግን ምንም ጩኸት መኖር የለበትም። ከጮኸ ሬዚስታንሱ ወይም አንድ ሽቦ አካሉን ነክቷል። ባይጮኽም አይዘናጉ፤ ሬዚስታንሱ ውስጥ ያለው ዱቄት በክረምት እርጥበት ይጠጣና ቴስተር የማያየውን ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ያፈስሳል። የግድግዳው ሶኬት የመሬት ሽቦ እንዳለውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይልዎት፤ ማስመሰያ ብረት ብቻ የተገጠመበት ሶኬት ብዙ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ስፒናው ተነቅሎ ይቆይ፤ ሊጡን ምጣዱ ላይ ያድርጉት።