ማርኬዝ እየመራ ወንድሙን ለምን አሳለፈ? የፊት ጎማ ንፋስ ጉዳይ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪው ማርክ ማርኬዝ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ታይላንድ ውድድር ላይ እየመራ ጋዝ ቀንሶ ወንድሙን አሌክስን ለምን አሳለፈ? በድሬ ሙቀትስ ከሞተራችን ጎማ ንፋስ ማስወጣት ያስፈልጋል ወይ? ሁለቱን የሚፈታው አንድ ነገር ነው፤ ጎማ ውስጥ ያለ ንፋስ ሲሞቅ የሚያሳየው ጠባይ።

በዚያ ዓመት በሞቶ ጂፒ (ትልቁ የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድር) ደንብ የፊት ጎማ ንፋስ ከ1.8 ባር፣ በጎሚስታ መለኪያ ከ26 ፒ ኤስ አይ፣ በታች መውረድ አልነበረበትም። እሁድ በዋናው ውድድር ቢያንስ 60 በመቶው ዙር፣ ቅዳሜ በስፕሪንት (አጭሩ ውድድር) 30 በመቶው ዙር ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። በሴንሰር ስለሚለካ መደበቅ አይቻልም። ያላሟላ ጋላቢ እሁድ 16 ሰከንድ፣ ቅዳሜ 8 ሰከንድ ይጨመርበት ነበር።

ታዲያ ለምን 2 ባር ሞልተው አይገላገሉም? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የፊት ጎማ ንፋሱ ሲበዛ ይነፋና ይደርቃል፣ አስፋልቱን የሚነካው ቦታ ይጠባል። ጋላቢው ኩርባ ሲገባ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ይቆለፋል፣ ፊቱ ይከዳውና ይወድቃል። ንፋሱ ሲያንስ ደግሞ ይሻላል፣ ይይዛል፤ ከመጠን በላይ ካነሰ ግን የጎማው አካል እየተጣጠፈ ይጎዳል። ዝቅተኛው መጠን የተደነገገው ለዚህ ነው።

ንፋሱን የሚያንረው ደግሞ ሰልፉ ነው። ከሌላ ሞተር ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ጋላቢ የፊተኛው ሞተር የሚተፋው ሙቀት ፊቱ ላይ ያርፍበታል፣ የካርቦን ፍሬኑም ማቀዝቀዣ ንፋስ ያጣል፣ ሙቀቱም ወደ ቸርኬው ያልፋል። የሚመራው ግን ንጹህ ንፋስ ስለሚያገኝ ጎማው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መካኒኩ ከውድድሩ በፊት መገመት አለበት፤ ልጃችን ዛሬ ይመራል ወይስ ይከተላል? ይከተላል ብሎ ዝቅ አድርጎ ከሞላ፣ ልጁ ደግሞ ከመራ፣ ቅጣት ይመጣል።

ማርኬዝ የገጠመው ይኸው ነው። ከመነሻው መራ፣ ንፋሱ ከተደነገገው ዝቅተኛ መጠን በታች ሆነ። በ7ኛው ዙር አሌክስን አሳለፈው፣ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ጎማውን አሞቀ፣ የሚያስፈልገውን ዙር አሟላ፣ ሦስት ዙር ገደማ ሲቀረው መልሶ አልፎት አሸነፈ። እንዲህ ያለ ስሌት በዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ መሥራት ለእኔ ከማሸነፉም ይበልጣል። በዚያው ዓመት ኳታር ላይ ማቬሪክ ቪኛሌስ ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ መሃል ላይ ለተወሰነ ዙር መርቶ ነበር። 16 ሰከንዱ ሲጨመርበት 14ኛ ሆነ። ያ ፖዲየም መነጠቁ ዛሬም ያሳዝናል።

ወደ ድሬ እንምጣ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማ ንፋስ በግምት 0.1 ባር ወይም 1.4 ፒ ኤስ አይ ይጨምራል። ጠዋት 25 ዲግሪ ላይ 28 ፒ ኤስ አይ የሞላ ጎማ ከሰዓት በከተማው ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሲመላለስ 60 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 33 ይጠጋል። ይህ ጤነኛ ነው። «በዝቷል» ብለህ በትኩሱ ወደ 28 ካወረድከው፣ በማግስቱ ጠዋት 24 ላይ ታገኘዋለህ። ያነሰ ንፋስ ጎኑን ያጣጥፈዋል፣ የሚጣጠፍ ጎማ ከራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ከዚያ በሰው ላይ ሰው ሲጫን የሚፈነዳው እሱ ነው። እና መልሱ፦ በትኩሱ አታስወጣ።

የምትለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ፣ ጥላ ውስጥ ነው። መጠኑን ከሞተሩ መመሪያ ወይም ሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ ከተለጠፈው ጽሑፍ ውሰድ፤ የኋላው ብቻህን ስትነዳና ሰው ስትጭን ይለያያል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አትሙላ። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ደግሞ የኮምፕሬሰሩ ውሃ ተደፍቶ እንደሆነ ጠይቅ። ጎማ ውስጥ የገባ ውሃ ሲሞቅ ተንኖ ንፋሱን ከስሌቱ በላይ ያንረዋል።

የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሀረር የምታድር ከሆነ፣ ድሬ ላይ ከሰዓት በትኩስ የተሞላ ጎማ ሀረር ጠዋት ብርድ ላይ ሁለት ሦስት ፒ ኤስ አይ ጎድሎ ይገኛል። ቀዳዳ ፍለጋ ከመሄድህ በፊት ሞልተህ አንድ ቀን አይተው። መለኪያ የራስህን ያዝ፤ በየጎሚስታው ያለው አንዱ ከሌላው ስለማይገጥም ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ መለካት ይሻላል።