እጃችሁ ይልመደው

ልጆቼ፣

እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሁን በአብዛኛው አሰለጥናለሁ። መሠረታዊ የሕይወት አድን ስልጠና፣ በተለምዶ ቢኤልኤስ የምንለውን፣ ለመውሰድ የምትመጡ ብዙ ወጣቶች አግኝቻለሁ። "ምን አመጣችሁ?" ስላችሁ አብዛኞቻችሁ "ለቅጥር ተጠይቄ" ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም የመጀመሪያውን ሰርተፊኬት ያወጣሁት ለዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰርተፊኬቱን ከያዝኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር። በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ተራ እየጠበቁ ሳለ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጠራኋቸው፣ አይሰሙም። ግን አፋቸው ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ አየር ይስባሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ቆይተው ደግሞ ይስባሉ። "ይተነፍሳሉ" አልኩ። በጎናቸው አስተኝቻቸው ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ ጀመርኩ። አንዲት አንጋፋ ነርስ እየሮጠች መጣች። አንገታቸውን ዳሰሰች፣ "ይሄ እኮ ማጣጣር ነው!" አለችና ገፋ አድርጋኝ ደረታቸውን መጫን ጀመረች።

ሰውየው አልተረፉም። ቆሜ የጠበቅኩባት ያቺ ደቂቃ እስከ ዛሬ አብራኝ አለች።

ልብ ቀጥ ስትል አንጎል ወዲያው አይጠፋም። ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ የተቆራረጠ ትንፋሽ የሚመስል ነገር ያሰማል። ለሰውየው አየር አይሆነውም፣ ደምም አያዞርለትም። ይህን አላውቅም ነበር እንዳልላችሁ፣ አውቅ ነበር። ፈተናው ላይ ተጠይቄ በትክክል መልሻለሁ። ወረቀት ላይ ያወቅኩትን መሬት ላይ ሳየው ግን አልለየሁትም።

ስለዚህ ስልጠናው ክፍል ስትገቡ ጭንቅላታችሁን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። የጽሑፉ ክፍል ከባድ አይደለም። በአሜሪካ የልብ ማኅበር ስርዓት ማለፊያው 84 ከመቶ ነው፤ አንብቦ የመጣ ያልፋል። ቁምነገሩ ያለው ለመለማመጃ የምትጫኑት የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ፊት ስትንበረከኩ ነው።

ትንፋሽና የልብ ትርታ ለመፈተሽ ያላችሁ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የምታዩት። ትርታውን እርግጠኛ ሆናችሁ ካላገኛችሁት እንደሌለ ቁጠሩትና ጀምሩ። ለአዋቂ ሰው የደረት አጥንቱን ታችኛ ግማሽ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን አለባችሁ፤ ከ6 ግን አይለፍ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። 30 ጊዜ ጫኑ፣ 2 ጊዜ አየር ስጡ፣ ተመለሱ። በየ2 ደቂቃው ከጓደኛችሁ ጋር ተቀያየሩ። "አልደከመኝም" የሚል ሁሌም አይጠፋም፤ እሱ ሳይታወቀው ግን አጫጫኑ ጥልቀቱን እያጣ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሲጫን ሳይሆን ሲለቅ ነው። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም በብዛት የሚያገኘው ደረቱ ወደ ላይ በሚመለስበት ቅጽበት ነው። ክብደታችሁን ደረቱ ላይ እንዳሳረፋችሁ ከቀራችሁ ልብ አይሞላም፤ ባልሞላ ልብ ላይ መጫን ደግሞ ባዶ ከረጢት እንደ መጭመቅ ነው። ማቋረጥም እንደዚያው ይጎዳል። በተከታታይ በመጫን ቀስ በቀስ ያነሳችሁት የደም ግፊት፣ እጃችሁን ባነሳችሁበት ቅጽበት ይወርዳል። እንደ ገና ከታች ነው የምትጀምሩት። አሰልጣኛችሁ "አታቋርጡ!" እያለ ሲጮህ የሚጨቀጭቃችሁ አይምሰላችሁ።

የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፁ ሊሰማችሁ ይችላል። ያስደነግጣል። የእጃችሁን ቦታ አስተካክሉና ቀጥሉ። አጥንት ይጠገናል።

ይህ ደረት የመጫን ዘዴ እንዴት እንደተገኘ ማውራት ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የቆመ ልብን ለማዳን የተለመደው መንገድ ደረትን ቀዶ ልብን በእጅ መጭመቅ ነበር። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ኩወንሆቨንና ወጣቱ ኒከርቦከር በውሻ ላይ ሙከራ ሲያደርጉ፣ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጡበትን ከባድ ሰሌዳ ደረቱ ላይ ጫን ሲያደርጉት ገና ኤሌክትሪኩ ሳይለቀቅ የደም ግፊቱ ከፍ አለ። ከቀዶ ሐኪሙ ጁድ ጋር ሆነው ነገሩን አጠኑትና በ1960 አሳተሙት። ሁለት እጅ ብቻ እንደሚበቃ የታወቀው እንዲህ ነው።

ኤኢዲ የምትባለውን የኤሌክትሪክ ምት የምትሰጥ መሣሪያ አትፍሯት። መጀመሪያ ክፈቷት፤ ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን እሷው በድምፅ ትነግራችኋለች። ልብ መምታት ትታ በምትንቀጠቀጥበት ጊዜ፣ ማንም ደረቱን ሳይጫንና ኤሌክትሪክ ሳይሰጥ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል። ምቱ እንደ ተሰጠ ደግሞ "ተመለሰ ወይ?" ብላችሁ አትጠብቁ። እጃችሁን ወዲያው ደረቱ ላይ መልሱ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አሻንጉሊት ሳትነኩ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በሰዓት ውስጥ ካርድ እንሰጣለን የሚሉ አሉ። ተዉአቸው። ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት መማር ችግር የለውም፤ ራሴም አበረታታለሁ። ግን የተግባር ፈተና የሌለው ካርድ ወረቀት ነው። ቀጣሪው ባያውቅባችሁ እንኳ የወደቀው ሰው ያውቅባችኋል።

ካርዱ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ችሎታው ግን ያን ያህል አይቆይም፤ ካልተለማመዳችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ የማደሻውን ቀን አትጠብቁ። አሻንጉሊት ባለበት በየተወሰነ ወሩ ጎራ በሉና 2 ደቂቃ ጫኑ። በቃ፣ ያን ያህል ነው የምጠይቃችሁ። የጤና ባለሙያ ያልሆናችሁም ኑ። አፍ ለአፍ መተንፈስ ቢከብዳችሁ፣ ለአዋቂ ሰው እርዳታ ጠርቶ ደረቱን ብቻ ሳያቋርጡ መጫንም ትልቅ ነገር ነው። ልብ የሚቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነው፣ በቤተሰብ ፊት።

አሰልጣኙ "አልፋችኋል" ሲላችሁ ቶሎ አትነሱ። "ማጣጣር ምን እንደሚመስል ያሳዩን" በሉት። እኔ በማሰለጥንበት ክፍል ራሴ መሬት ላይ ተኝቼ ያንን ድምፅ አሰማለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ሁልጊዜም አንድ ሰው "ይተነፍሳል" ይላል።