ጠርዙን አይታችኋል?

ሐረር ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ያረጀሁ ፓቶሎጂስት፣ ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና የምመረምር ሐኪም ነኝ። ሕክምና ወይም ሳይንስ ለማጥናት ለምትሮጡ ልጆች አንድ ነገር ልበል። «ላይ ላዩን አትመልከቱ፣ ውስጡን እዩ» እየተባላችሁ ነው ያደጋችሁት። ምክሩ ደግ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቻችሁ ላዩን ሳታዩ ዘላችሁ ውስጥ ትገባላችሁ።

እንቅርት ያለባት ሴት መጣች እንበል። ከአንገቷ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፣ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በቀለም ይነከራል። ተለማማጁ ገና ዓይኑን ከማሳረፉ «ዶክተር፣ ካንሰር ነው?» ይለኛል። ቆይ እስቲ፣ ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ ኒውክለሱን፣ ማለትም የሕዋሱን እምብርት ፈልግ፣ ከዚያ ዙሪያውን በዓይንህ ተከተለው። የጤነኛው ጠርዝ ክብና ለስላሳ ነው። ፓፒላሪ በሚባለው የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ካንሰር ግን የኒውክለሱ ሽፋን ይጨማደዳል፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እንደ ቡና ፍሬ መሃሉ ላይ መስመር ያወጣል። ለሐረር ልጅ ይሄ አይነገረውም። መስመሩ ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ሌሎች ምልክቶችም አብረው መገኘት አለባቸው።

ያ ሽፋን ደግሞ ተራ ልጣጭ እንዳይመስላችሁ። ድርብ ነው፤ በእኛ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ትናንሽ ሞለኪውሎች ማንም ሳይጠይቃቸው ያልፋሉ። ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን አሻጋሪ ካልያዛቸው አይገቡም። ከዲኤንኤ የተቀዳው መልእክት የሚወጣውም በዚያው በር ነው።

ጡረታ ስቃረብ ደግሞ የጅራታም ኮከብ ነገር ያዘኝ። እሱም ኒውክለስ የሚባል ጠጣር እምብርት አለው፤ ከሕዋሱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ እኔን የሳበኝ ግን እዚያም ላዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጂዮቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ሃሌይ በተባለው ጅራታም ኮከብ አጠገብ ስታልፍ የታየው ኒውክለስ ከሰል የሚያስንቅ ጥቁር ነበር። ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚመልሰው። በረዶው ከጥቁሩ ሥር ተደብቋል።

ከሁሉ የምወደው ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር ያነሳችውን ፎቶ ነው። ሴፕቴምበር 2014 ላይ 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ገደል ጫፍ ላይ 70 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ አነሳች። ጁላይ 2015 ላይ ገደሉ ተናደ፤ ከሥሩ ነጭ በረዶ ብቅ አለ። ስንጥቁ እኮ ወራት ቀድሞ ፎቶው ላይ ተቀምጦ ነበር!

እና ስላይድም ሆነ ፎቶ እጃችሁ ሲገባ፣ መግለጫውን ከማንበባችሁ በፊት ስልካችሁን አስቀምጡና ጠርዙን በእርሳስ ሣሉት። «ዶክተር፣ እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለኝ አይጠፋም። ኤግዚቢሽን ክፈት ያለው ማን ነው?