ጥንተ አብሶ እና የሚታበሰው እንባ

ጥያቄ፦ የአዳምን የመጀመሪያ በደል የምንጠራበት «ጥንተ አብሶ» ውስጥ ያለው «አብሶ» «እንባውን አብሶ» ከምንለው ጋር ይገናኛል? «የውርስ ኃጢአት» ብንለውስ አይቀልም?

መልስ፦ አይገናኝም። የአማርኛው አብሶ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ጠርጎ ማለት። የግዕዙ ግን ንዑስ አንቀጽ ነው፤ መበደል ማለት። ቀደሰ «ቀድሶ» እንደሚል አበሰም «አብሶ» ይላል። ዘመዱን እናውቀዋለን፦ አበሳ። በአቡነ ዘበሰማያት «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» እንላለን፤ በደላችንን ይቅር በለን ማለት ነው። «አበሳዬን አየሁ» ስንል ግን በደሉ ቀርቶ መከራው ብቻ ተርፏል።

ኃጢአትም የራሱ ጉድ አለው። ሥሩ የግዕዙ ኀጥአ ነው፤ አጣ ማለት። «ያጣ የነጣ» የምንለው ድኻና ኃጥእ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በዕብራይስጡም መሳፍንት 20፥16 ላይ 700 ግራኞች ጠጉር እንኳ በወንጭፍ የማይስቱ ናቸው ሲል «መሳት»ን የሚገልጸው በኃጢአት ግሥ ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ግን «ውርስ» ነው። «ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። አንድ አይደሉም! ጥንተ አብሶ ቃል በቃል «የመበደል መነሻ» ነው። ማን ወረሰ፣ ምን ወረሰ አይልም። ውርስ ግን ቤት ነው፣ መሬት ነው፣ ዕዳ ነው። ይህ የላቲኑ ሊቅ የአውግስጢኖስ መንገድ ነው። ሮሜ 5፥12ን በላቲን «በእርሱ ሁሉ በደሉ» ብሎ አነበበ። ስለዚህ ከአዳም ሞት ብቻ ሳይሆን በደለኛነትም ይተላለፋል አለ። ፔላግዮስ የሚባል መነኩሴ አይሆንም ቢል እ.ኤ.አ. በ418 የካርቴጅ ጉባኤ አወገዘው። ላቲኑ «በእርሱ» ያለው የግሪኩ ቃል ግን ወደ «ስለ» ያደላል። የእኛም አማርኛ «ኃጢአትን ስላደረጉ» ይላል። ዮሐንስ አፈወርቅ ሕፃናት ኃጢአት ሳይኖርባቸው ይጠመቃሉ ብሏል። የእስክንድርያው ቄርሎስ ደግሞ እኛ ከአዳም ጋር አልበደልንም፤ ባሕርያችን ግን ታመመ ይላል። ደዌ እንጂ ዕዳ አይደለም።

ወዳጄ እዚህ ላይ ያዘኝ። «በሽታስ በዘር አይወረስም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ለጆሮዬ አይጥመኝም።

ሕዝቡ ደግሞ ቃሉን ለምዶታል። ድሮ በተማሪ ወረቀት ላይ «የውርስ ኃጢአት» ሳይ በቀይ አሰምርበት ነበር። አሁን አልፈዋለሁ። «አብሶ»ን በአልፋው «አ» ፈንታ በዓይኑ «ዐ» የጻፈልኝን ግን አሁንም አልምረውም።